«ደህና ነኝ»፦ የአንድ የሸጎሌ ልጅ ሳምንት በካይሮ

 

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልዕክቶች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ናቸው። «ወንድሜ፣ የካይሮ ኑሮ እንዴት ነው? እኔም አል አዝሃር መማር እፈልጋለሁ፤ ምን ትመክረኛለህ?» ይላሉ። ስለ ምዝገባው፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ ዐረብኛ የምደባ ፈተናው የማውቀውን ያህል ስመልስ ቆይቻለሁ። ስለ ኑሮው ግን ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው»። ባለፈው ኅዳር ግን ይህችን «ደህና» የምትባል ቃል አንድ ሳምንት ሙሉ ሳስብባት ከረምኩ። ስለዚህ ዛሬ በአጭሩ ከምመልስላችሁ ያን ሳምንት እንዳለ ልንገራችሁ። ከዚያ መምጣት አለመምጣቱን እናንተው ትወስናላችሁ።

ትውልዴም እድገቴም ጉለሌ፣ ሸጎሌ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሸጎሌን የሚያውቀው በበዓል ዋዜማ በከብት ገበያው ወይም በአንበሳ አውቶቡስ ጋራዡ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የቤኒሻንጉሉ ገዢ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ላይ ቤት የሠሩት እዚያ ነበር። «ሼህ ኾጀሌ» የሚለው ስም በሰው አፍ ሲላመጥ ቆይቶ «ሸጎሌ» ሆነ። ልጆች ሳለን ወደ ቁርኣን ቤት ስንሄድ በአሮጌው ቤታቸው በኩል እናልፍ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አባቴ የሞተው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ የወሎ ሴት ናት፤ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ነበራት ልበል መሰለኝ። አንዲት እህት አለችኝ፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። እኛ «ሚንሓ» የምንለውን ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኙት ውስጥ አይደለሁም። ሚንሓ ያላቸው ልጆች አባሲያ ባለው የውጭ ተማሪዎች መኖሪያ፣ በመዲነቱል ቡዑስ፣ አልጋና ምግብ ያገኛሉ። እኔና አምስት ጓደኞቼ ደግሞ ናስር ሲቲ ውስጥ፣ ሰባተኛው ሰፈር በሚባለው፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሊፍት አለው፤ አይሠራም። ሦስታችን ከኢትዮጵያ ነን፤ እኔ፣ አንድ የወሎ ልጅና አንድ የሐረር ልጅ። ሁለቱ ከኢንዶኔዥያ፣ አንዱ ከቻድ ናቸው። የጋራ ቋንቋችን ዐረብኛ ነው፤ ስንጣላ ግን ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ስለሚጣላ ማንም ማንንም አያስቀይምም።

የሳምንታችን መጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ሱብሒ ከሰገድን በኋላ ማይክሮባስ ይዘን ወደ ደራሳ እንሄዳለን። ደራሳ ከጥንቱ የአል አዝሃር መስጂድ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው፤ ኮሌጃችን እዚያ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እናቴ «የት ነው የምትማረው?» ብትለኝ «ደራሳ» አልኳት። «ደረሳ መሆንህንማ አውቃለሁ፤ ቦታውን ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ። እስከ ዛሬም ልጄ የሚማርበት ቦታ ስም የለውም እያለች ለጎረቤት ትቀልዳለች።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁና። ሸጎሌ ሳለሁ ከኡስታዛችን ዘንድ አጅሩሚያን ጨርሼ አልፊያን ጀምሬ ነበር፤ ዐረብኛ የማውቅ መስሎኝ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። እዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ቲማቲም ልገዛ ሄጄ በተጣራ ፉስሓ፣ በሙሉ ኢዕራብ፣ «ጠማጢም» ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ትክ ብሎ አየኝና ለጎረቤቱ «ይሄ ቁርኣን እየቀራብኝ ነው» አለው። እሱ «ኡታ» ነው የሚለው። የካይሮ ሰው ቃፍን ይውጣታል፣ ጂምን ደግሞ ገ ያደርጋታል። አንዳንድ መምህራን መጽሐፉን በፉስሓ ያነቡና ማብራሪያውን በሰፈር ቋንቋ ያወርዱታል፤ እኛ የውጭ ተማሪዎች ዋናው ገብቶን ማብራሪያው ያመልጠናል። ለመምጣት የምታስቡ፣ ነሕው ብቻ ሳይሆን ጆሮም አዘጋጁ።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ የሰፈራችን ሰው ዕቃ ይዞልኝ መጣ። በሶ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ። ከዚያ ከኪሱ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ አውጥቶ ቆጠረልኝ። እናቴ እዚያ 30 ሺህ ብር ለቤተሰቡ ሰጥታ እሱ እዚህ በፓውንድ እንዲያስረክበኝ ተስማምተው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኩም። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ አልከፈልኩም ነበር፤ የመጽሐፍ ዕዳም ነበረብኝ። ሰውየውን አቅፌ ሳምኩት። ማታውኑ ኪራዬን ከፈልኩና ለእናቴ ደወልኩ።

«ደርሶኛል እማ፣ አላህ ይጨምርልሽ። እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ፣ ትበላለህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ።»

ሁለታችንም ዋሽተን ነበር።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር፣ ነገሩ ለምን እንደከበደ ልግለጽ። እኔ በመጣሁ ሰሞን፣ በየካቲት 2016 መጨረሻ፣ የግብፅ ፓውንድ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር ከ31 ፓውንድ ወደ 50 ገደማ ዘለለ። የኪራይና የምግብ ዋጋ አብሮ ዘለለ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የኛም ብር እንዲሁ ሆነ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ከአሜሪካ ወንድም ያለው ተማሪ ይህ ብዙም አልነካውም። ከሸጎሌ እንጀራ ተሽጦ የሚላክለት ግን ላኪውም ተቀባዩም በሚወርድ ደረጃ ላይ ነው የቆሙት።

እሁድ ደስ ያለኝ ቀን ነበር። መምህራችን አንድ ሐዲስ ከየት እንደተዘገበ ሲያብራሩ «ዘይለዒ ነስቡ ራያህ ላይ እንዳሉት» ብለው አለፉ። ማንም ቀና አላለም፤ እኔ ግን ቀና አልኩ። ኢማም ጀማሉዲን አዝ ዘይለዒ፣ ስማቸው እንደሚናገረው፣ መሠረታቸው ከኛው አፍሪካ ቀንድ፣ ከዘይላዕ ነው። በሂጅራ 762 እዚሁ ካይሮ ሞቱ። የሐነፊ መዝሀብ ሰዎች የሐዲስ ማስረጃቸውን እስከ ዛሬ ከሳቸው መጽሐፍ ነው የሚፈትሹት።

ከትምህርት በኋላ መስጂዱ ውስጥ ዐስር ሰግጄ ግቢው ላይ ቁጭ አልኩ። አል አዝሃር እ.ኤ.አ. በ972 ለሶላት የተከፈተ መስጂድ ነው። በጥንት ዘመን ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የየራሳቸው «ሪዋቅ» ነበራቸው፤ ማደሪያም መማሪያም የሆነ ክፍል ማለት ነው። የቱርኮች ሪዋቅ ነበር፣ የመግሪቦች ነበር፣ የሶሪያዎች ነበር። ከነዚያ መሀል ሪዋቀል ጀበርት የሚባል የኛ ነበር። ከኢፋትና ከዘይላዕ አካባቢ የመጡ ደረሳዎች እዚያ ያድሩ ነበር። የሪዋቁ ሸይኽነት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ከዚያ ቤተሰብ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁት ሸይኽ ሐሰን አል ጀበርቲ ወጡ፤ ከሳቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1753 ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ ተወለዱ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር በዓይናቸው አይተው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የግብፅን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ የሳቸውን «ዐጃኢቡል አሣር» ሳይገልጥ አያልፍም።

እና እዚያ ግቢ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ምን መሰላችሁ? የጻፉትን ትልቅ መጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያው የቤተሰቡ አባት ከጀበርት አገር ሲመጣ እናቱ ምን አለችው? ስልክ የለ፣ መልዕክተኛ ቢገኝ በዓመት አንዴ። ምናልባት ሞቷን እንኳ ከሁለት ሐጅ በኋላ ይሆናል የሰማው። እኔ በየሳምንቱ የእናቴን ድምፅ እየሰማሁ ስላለችበት ሁኔታ ከሱ የተሻለ የማውቅ አልሆነልኝም። ይህንን ያሰብኩት ግን እሁድ አይደለም፤ እሁድ ኩራት ላይ ነበርኩ። የገባኝ ማክሰኞ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ማይክሮባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። «ከየት ነህ ያ ሸይኽ?» አለኝ። ለነጭ ጀለቢያ ሁሉም ሰው ሸይኽ ነው። «ከኢትዮጵያ» አልኩ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሁላችንም ጥያቄ መጣ፤ ግድቡ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። «ውሃችንን ምን አደረጋችሁት?» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ወቀሳ ነው። የፖለቲካ መልስ መስጠት እችል ነበር፤ ድካሙ ግን አይገባኝም። «ያ ዐምም፣ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አባይን በዓይኔ ያየሁት እዚሁ እናንተ ዘንድ፣ ቀስረል ኒል ድልድይ ላይ ቆሜ ነው» አልኩት። በሳቅ ፈነዳ። ለኋላ ተሳፋሪዎች ሁሉ ጮኾ ነገራቸው። እኔም ሳቅኩ። ስወርድ ግን ሼህ ኾጀሌ ትዝ አሉኝ። ግድቡ ያለበት ጉባ የሳቸው አገር ቤኒሻንጉል ነው፤ የሰፈሬ ስም ከዚያ ነው የመጣው። አባይን ሳላየው ዕድሜዬን ሙሉ በስሙ አጠገብ ኖሬአለሁ። ይህን ለሾፌሩ በዐረብኛ ለማስረዳት ሌላ አንድ ሰዓት መንገድ ያስፈልገኝ ነበር።

ሰኞ ጾምኩ። ስለዚህ ጾም የምናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ልንገራችሁ ብያለሁ። ሰኞና ሐሙስ መጾም ሱና ነው፤ አገር ቤትም አልፎ አልፎ እጾም ነበር። እዚህ ግን ከዓመት ወዲህ አንድም ሰኞ አላመለጠኝም። ፉል ከነዳቦው፣ ምሳ ኩሸሪ፣ ሻይ ሲደመር ስንት እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ፤ በጾም ቀን የሚተርፈውንም አውቃለሁ። ግብፆች ዳቦን «ዐይሽ» ይሉታል፤ ከመኖር የመጣ ቃል ነው። ሌሊት ሱሑር ላይ ራሴን «ይህ ጾም ለአላህ ነው ወይስ ለኪስህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ለአንድ ሸይኽ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ኒያህን አሳምርና ጹም፤ ኪስህም ይረፍ» አሉኝ። ቀለል አለኝ። የዚያን ሰኞ ግን ገንዘብ ነበረኝ፣ ጾምኩም። ያ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ከእህቴ የድምፅ መልዕክት መጣ። አራት ደቂቃ ይሆናል። እህቴ የምታወራው በአጭሩ ስለሆነ ገና ርዝመቱን ሳይ ልቤ ደነገጠ።

«ወንድሜ፣ እንዳልነገርኩህ ነው እሺ? እማ ትልቁን ምጣድ ሸጣዋለች። ላንተ የላከችው እሱ ነው። አሁን በትንሿ ነው የምትጋግረው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትነሳው። የአንዱን ምግብ ቤት እንጀራ አቁማለች፣ አይደርስላትም። የስኳር መድኃኒቷንም በቀን ሁለቴ የሚባለውን አንዴ አድርጋዋለች፣ እንዳያልቅባት። ቀጠሮዋም አልፏል። ስነግራት ትቆጣኛለች። እኔን አትስማኝም። ፈተና ላይ ስለሆንክ እንዳትሰማ ብላኛለች። እኔ ግን ፈራሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ ሰማኋት።

የከፈልኩት የቤት ኪራይ እናቴ የምትጋግርበት ምጣድ ነበር። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት ሲያጓድል ቀን በቀን ላይታወቅ ይችላል፤ ጉዳቱ በዓይን፣ በኩላሊት፣ በእግር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እናቴ ደግሞ በቀን ሦስት መቶ እንጀራ የምትቆምበት እግር ነው ያላት። የዚያን ቀን ከዐስር በኋላ ያለውን ደርስ አልገባሁም። ከመስጂዱ ወጥቼ እስከ አታባ በእግሬ ሄድኩ፣ ከአታባም ተመልሼ መጣሁ። ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልግባ የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ ነው የመጣው። ገብቼስ? ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጄ አል አዝሃር ነው» ስትል የኖረችውን ሴት ምን ልላት? ልቆይስ ካልኩ በማን እግር ልቆይ?

ረቡዕን አጭር አደርጋታለሁ፤ ቀኑን የወሰደው ሰልፍ ነውና። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ሄጄ ከጠዋት እስከ ዙህር ቆሜ «ቡክራ» ተባልኩ። ቡክራ ነገ ማለት ነው። የነገዋ ቡክራ ደግሞ «ባዕደ ቡክራ» ትባላለች። ሦስተኛዋ ስም የላትም፣ ኢንሻ አላህ ይሏታል።

ግን ሰልፉ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ወሰንኩ። እዚህ ያለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን በስልክና በኮምፒውተር አሜሪካና አውሮፓ ላሉ የሐበሻ ልጆች ቁርኣን እናስቀራለን። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠይቄ እንቢ ብዬ ነበር። ምክንያቴ ጥናት ነው እል ነበር፤ ውስጤ ግን ሌላ ነበር። ለእውቀት የመጣ ሰው አሊፍ ባ ሊያስቆጥር? ብዬ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አንድ አባት ከወር በፊት ጽፈውልኝ መልስ አልሰጠኋቸውም። ሰልፉ ላይ ቆሜ ጻፍኩላቸው። በአሥር ደቂቃ መለሱ፤ ሁለት ልጆች፣ በሳምንት አራት ቀን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተው ሲቀመጡ እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ነው፤ በክረምት የሰዓቱ ልዩነት ሰባት ነው። ይሁን አልኩ። እናቴም በዘጠኝ ሰዓት ነው የምትነሳው።

ሐሙስ ማታ በኛ ቤት ሁሉም የሚሰበሰብበት ምሽት ነው። የሐረሩ ልጅ አርድ አል ሊዋ ከሚባለው ሰፈር፣ ሐበሾች ከሚበዙበት፣ እንጀራ ይዞ መጣ። ከተላከልኝ ሽሮ ተሠራ። ኢንዶኔዥያዎቹ በርበሬያችንን ከኛ በላይ ይችሉታል፤ ቻዳዊው ግን ሁልጊዜ በዕንባ ነው የሚበላው፣ ይቆማል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እኔ ግን አልወረደልኝም። ሌሎቹ ሱረቱል ከህፍ ሊቀሩ ሲቀመጡ የወሎው ልጅ ሰገነቱ ላይ ተከተለኝ። ነገርኩት።

እሱ ብዙ አያወራም። አያቱ በልጅነታቸው የጁ ውስጥ ዳና ደረሳ እንደነበሩ፣ ከቤት ተሰናብተው ሲወጡ ለስድስት ዓመት ማንም ወሬያቸውን እንዳልሰማ አጫወተኝ። ከዚያ ስለ ራሱ ነገረኝ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል።

ባለፈው ዓመት የአንደኛው መንፈቅ ፈተና ላይ ሳለ በየሳምንቱ ይደውላል፤ «አባዬስ?» ሲል «መስጂድ ሄዷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ገበያ ወጥቷል» ይሉታል። ውጤቱን ሰምቶ በደስታ የደወለ ቀን አጎቱ ስልኩን ተቀበሉትና አባቱ ከሞቱ አርባ ቀን እንዳለፋቸው ነገሩት። ፈተናህ እንዳይበላሽ ብለን ነው አሉት። እዚህ ቤት ውስጥ፣ እኛም አብረነው፣ ሶላተል ጋኢብ ሰገድን፤ አስታውሳለሁ። ያላወቅኩት የአርባውን ቀን ነገር ነበር።

«ጥሩ ውጤት ነበር ያመጣሁት» አለኝ። «ጀይድ ጂደን። ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር በየትኛው ፈተና ቀን እንደሞተ ነው የማስበው።» ትንሽ ቆይቶ «አንተ እህትህ ነግራሃለች። ነገ ደውል። አትቆጣት፣ ግን ደውል» አለኝ።

ጁሙዓ ሰፈራችን ባለ መስጂድ ሰግጄ ወደ ቤት ሳልገባ ደወልኩ። እናቴ ጁሙዓ ከሰዓት አትጋግርም፤ ቡና የምታፈላበት ሰዓት ነው። ከረከቦት ሲንቀሳቀስ በስልክ ይሰማኛል።

«አሰላሙ ዓለይኩም እማ።»

«ወዓለይኩም ሰላም የኔ ጌታ። እንዴት ነህ?»

ምላሴ ለምዶታልና «ደህና» ሊል ነበር። «እማ፣ ደህና አይደለሁም» አልኩ።

ከረከቦቱ ዝም አለ።

«ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። የሁለት ወር ኪራይ ሳልከፍል ቆይቼ ነበር። ሰኞና ሐሙስ የምጾመው ለሱናው ብቻ አይደለም። ሚንሓ ደግሞ እስካሁን አልወጣልኝም፤ ሊወጣ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።» አንዴ ከጀመርኩ አላቆምኩም። ስጨርስ «አሁን አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

«እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።»

«እማ፣ ምጣዱ የት አለ?»

ረጅም ዝምታ። ከዚያ ከኔ ጋር ሳይሆን ከእህቴ ጋር ማውራት ጀመረች፤ «አንቺ ምላስሽ ይቆረጥ!» ትላለች፤ እህቴ ደግሞ ከሩቅ ታለቅሳለች። ነገሩ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ስትመለስ ድምጿ ተቀይሯል።

«ምጣድ ዕቃ ነው። አንተ ዕቃ ነህ እንዴ? አባትህ ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ፤ ልጁን አስተምሪው አለኝ። ምጣዱን ጠብቂው አላለኝም።»

ለዚህ መልስ ማን አለው? እኔ አልነበረኝም። ጥቂት ዝም ብዬ «መድኃኒቱንስ? አባዬ መድኃኒቱን አጓድይ አለሽ?» አልኳት።

እዚህ ላይ ሳቀች። ስታለቅስም እንዲሁ ነው የምትጀምረው፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ከዚያ ነገረችኝ። እግሯ መደንዘዝ ከጀመረ ወር እንደሆነው፣ ማታ ማታ ዓይኗ ብዥ እንደሚል፣ ምሬት እንዳይመስልብኝ ብላ እንደተወችው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ራሷ ይህን ያህል ስታወራኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ሳላቋርጥ አዳመጥኩ፤ ግማሹን ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር።

እንደ ነጋዴ ተደራደርን ማለት ይቻላል። ሰኞ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ እህቴ ትወስዳታለች፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔ እስከ ረመዳን አንድ ብር አልቀበልም። የሌሊቱን የማስቀራት ሥራ ነገርኳት። «አሊፍ ባ ነው እማ» ብዬ አፍሬ ስነግራት፣ «አንተንስ ማን አስቆጠረህ? ያንን ያስቆጠሩህን ሸይኽ ዛሬም ሳያቸው ከወንበሬ ነው የምነሳው» አለችኝ። ሌላው ስምምነታችን «ደህና ነኝ» የምትለው ቃል ከጁሙዓ ስልክ እንድትወጣ ነው። በሷ ፈንታ ምን እንደምንል አልተስማማንም።

ልንሰነባበት ስንል «በሶው አልነቀዘም?» አለችኝ።

«ከመጣ ሳምንቱ እኮ ነው፣ እማ።»

«እንግዲያው ብላ። ማስቀመጥ ትወዳለህ አንተ። የወሎውም ልጅ ይብላ፤ የሱ እናት አትልክለትም እንዴ?»

«አባቱ ሞተውበታል።»

«አውቃለሁ። አምና ሰምቻለሁ፤ ፈተና ላይ ናችሁ ብዬ ነው ያልነገርኩህ» አለች።

ያን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኩሽናው ውስጥ፣ ሌሎቹ እንዳይነቁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ጀመርኩ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። «ሐ» ማለት አቅቶት «ሀ፣ ሀ» እያለ ትንፋሹ እስኪያልቅ ታገለ። «እዚያ ሌሊት ነው እንዴ ኡስታዝ? ለምን አትተኛም?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «እናቴም ገና አልተኛችም» አልኩት። ስልኬ ላይ የእህቴ መልዕክት መጥቶ ነበር፤ ፎቶ ነው። እናቴ በትንሿ ምጣድ አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጋግራለች። ከሥሩ እህቴ «ቁጭ ብላ እንድትጋግር አስገድጃታለሁ» ብላ ጽፋለች።